ቅዳሜ ስለሚነቀለው ማገጥ

ለተከበረው የሠላሳ ሁለቱ ቤቶች ነዋሪዎች ማኅበር የግቢ ውበት ኮሚቴ፤
ለክቡር ሊቀ መንበሩ፣ ለክቡር ጸሐፊው፣ እንዲሁም በዚህ ሰዓት ነቅተው ከሆነ ለክቡር ሦስተኛው አባል፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናችሁ እንዴት ነው እላለሁ። የክቡር ሊቀ መንበሩ ጉልበት እብጠቱ እንደጎደለ፣ የክቡር ሦስተኛው አባል እንቅልፍም እንደወትሮው የሰላም እንደሆነ ተስፋ አደርጋለሁ። የክቡር ጸሐፊውን ጤና አልጠይቅም። ዛሬ ጠዋት ከፊት ለፊቴ ተቀምጠው ዳቧቸውን ሻይ ውስጥ ሲነክሩ አይቻቸዋለሁ፤ ደህና ናቸው፣ ትንሽ ከሳ ብለዋል እንጂ። ክቡር ጸሐፊው አያቴ ናቸውና።

እኔ የአሥራ ሁለት ቁጥር ቤት የልጅ ልጅ ነኝ፤ ዕድሜዬ አሥራ ስድስት ነው። ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም እንደምትሉ አውቃለሁ፤ ደግነቱ እኔ የመጣሁት ስለ እራት አይደለም። የመጣሁት ከቤታችን ፊት ለፊት ስላለው፣ ርዝመቱ አሥር እርምጃ፣ ወርዱ ሰባት እርምጃ ስለሆነው መሬት ነው። በዚያ መሬት ላይ ሴት አያቴ የዘራችው ማገጥ አለ። ማገጥ ማለት፣ ጎንበስ ብላችሁ አይታችሁት ለማታውቁት ልግለጽላችሁና፣ ሦስት ሦስት ክብ ቅጠል ያለው፣ የሸሚዝ ቁልፍ የሚያህል ነጭ አበባ የሚያወጣ፣ መሬት ለመሬት የሚሄድ፣ ሲረግጡት እንደ ምንጣፍ የሚለሰልስ ተክል ነው። በእናንተ ውሳኔ መሠረት የፊታችን ቅዳሜ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ቆፋሪ መጥቶ ይነቅለውና በቦታው ኮሚቴው ያጸደቀው ሣር ይተከላል። ይህ ደብዳቤ እንዳይነቀል የሚለምን ደብዳቤ ነው።

ልመናዬ ተቀባይነት እንደማያገኝ ከወዲሁ ስለማውቅ አትጨነቁ። የጻፍኩት የማኅበሩ መተዳደሪያ ደንብ አንቀጽ አሥራ አንድ ስለሚጥመኝ ነው። አንቀጹ እንዲህ ይላል፦ ለኮሚቴው የሚገባ ማንኛውም ደብዳቤ በስብሰባው ላይ በጸሐፊው ከሰላምታው እስከ ግርጌው፣ አንድም ቃል ሳይዘለል፣ ጮክ ተብሎ ይነበባል። ይህን አንቀጽ ያረቀቁት ራሳቸው ክቡር ጸሐፊው ናቸው። ስለዚህ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ተሰብስባችሁ ይህን ስትሰሙ የምትሰሙት በእሳቸው ድምፅ ነው። ሰላም፣ አባባ። ውሃ ጠጣ፤ ገና ብዙ ይቀርሃል።

አንድ ነገር ላስረዳ። አያቴ ጸሐፊ ሆነው ሲሠሩ «እሳቸው» እላቸዋለሁ፣ ቤት ሲገባና አባባ ሲሆን «እሱ» እለዋለሁ። ሁለቱ አንድ ሰው ስለመሆናቸው እኔም እንደእናንተ አንዳንድ ጊዜ እጠራጠራለሁ። ሴት አያቴን ግን እማማ ነው የምላት፤ እሷ የትም ስትሄድ አንድ ናት፤ አሁን እንኳን የትም አትሄድም፣ ወደዚያ እመጣለሁ።

ቅሬታዎቼን ምስጋና እያስቀደምኩ በቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፦ ስለ ሽልማቱ። ኮሚቴው ባለፉት ሁለት ዓመታት ተከታትሎ ቤታችንን «ምሳሌ የሚሆን ግቢ» ብሎ ስለመረጠው ቤተሰቡ እስከዛሬ ይኮራል። በበጋው ወራት የቀሩት ሠላሳ አንድ ቤቶች ሣር አሮጌ ጆንያ ሲመስል የእኛ ብቻ ለምልሞ ይታይ ነበርና፣ ሦስታችሁም እጃችሁን ወደኋላ አጣምራችሁ ከአስፋልቱ ዳር ቆማችሁ «ሣር ማለት እንዲህ ነው» ስትባባሉ በመስኮት ሰምቼአለሁ። ፎቶግራፍም አንሥታችሁታል። ፎቶግራፉ ትልቁ በር አጠገብ ባለው ባለመስታወት ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ተሰቅሏል፤ ከሥሩ «ሣራችሁ ይህን ይምሰል» የሚል አለ። ከእሱ በስተግራ ደግሞ፣ አራት ጣት ያህል ራቅ ብሎ፣ ይኸው በፎቶግራፉ ላይ ያለው ነገር በአስቸኳይ ተነቅሎ እንዲጣል የሚያዝዘው ውሳኔ ተለጥፏል። በቀደም አዲስ የገቡት የሃያ ስምንት ቁጥር ሰውዬ ሰሌዳው ፊት ቆመው ፎቶውን አዩ፣ ውሳኔውን አነበቡ፣ እንደገና ፎቶውን አዩ፣ ከዚያ መስታወቱን በእጅጌያቸው ወለወሉት። ዘበኛችን «ጋሼ፣ ቆሻሻ አይደለም፣ እንደዚያ ነው» አላቸው።

ሁለቱ ማስታወቂያዎች አንድ ማኅተም ስላላቸው የትኛውን እንደምንታዘዝ እንዲብራራልን በትሕትና እጠይቃለሁ። ፎቶግራፉን ግን እባካችሁ አታውርዱት። ከቅዳሜ በኋላ ለእማማ የሚቀራት እሱ ነው።

ሁለተኛ፦ ስለ ንቧ። ክቡር ሊቀ መንበሩ የዛሬ ሦስት ሳምንት ለሦስተኛ ጊዜ ሊሸልሙን በመምጣታቸው ከልብ አመሰግናለሁ። እሳቸው ጡረታ እስኪወጡ የመንጃ ፈቃድ ፈታኝ የነበሩ፣ መስመር የነካን ሁሉ የጣሉ ሰው ናቸው። በሰፈሩ ልጆች ዘንድ የሚጠሩበትን ቅጽል ስም፣ ማለትም ጋሽ ማስመሪያ የሚለውን፣ በአክብሮት ምክንያት እዚህ አልጽፈውም። የደንቡ ቁመት አምስት ሳንቲ ሜትር ነው። ባለፉት ዓመታት ከአስፋልት ዳር ሆነው በዓይን ይለኩ ነበር፤ ዘንድሮ ግን «ጥርጥር እንዳይኖር» ብለው አጥር ገብተው፣ ግልጽ ማስመሪያቸውን አውጥተው፣ ተንበረከኩ። በተንበረከኩበት ቦታ ንብ ነበረች። ንቧ ደንቡን አላነበበችም።

በዚያ ዕድሜ ያለ ሰው እንደዚያ ሲነሣ አይቼ አላውቅም። ሐኪሙ ለእማማ በሦስት ወር እንድትጨርሰው ያዘዘውን እንቅስቃሴ ክቡርነታቸው በአንድ ትንፋሽ ጨረሱት። ከዚያ ንቧ እዚያ ምን ትሠራ እንደነበር ለማወቅ ጎንበስ አሉና፣ በሦስት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የቤታችንን ሣር አዩት።

«ይሄ ሣር አይደለም እኮ» አሉ፣ የውሸት መንጃ ፈቃድ በያዘ ፈታኝ ድምፅ ሳይሆን የውሸት ፈቃድ ይዞ በተያዘ ሰው ድምፅ።

እማማ በረንዳው ላይ ካለው ወንበሯ ሳትነሣ «እኔ መቼ ሣር ነው አልኩ ልጄ፤ እናንተ ናችሁ ያላችሁት» አለቻቸው።

እንደ እኔ እንደ እኔ ፍርዱ ያን ጊዜ አለቀ። እማማ ሰባ ሦስት ዓመቷ ነው፣ ክቡር ሊቀ መንበሩ ስድሳ ስምንት፤ ልጄ ብትላቸው አገሬው የሚለው ነው። ነገር ግን ማስመሪያ ይዞ የተነደፈ ሰው ልጄ ሲባል ደስ አይለውም መሰለኝ። በውሳኔው ላይ «ኮሚቴውን ለሁለት ዓመት በማሳሳት» የሚል ሐረግ አንብቤያለሁ። ማገጡን ጠየቅኩት፤ ማንንም ለማሳሳት እንዳልበቀለ፣ ማንም ሳይጠይቀው ሁለት ጊዜ እንደተሸለመ ነው የነገረኝ። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባላል፤ በንብ የተነደፈ ደግሞ አበባ ይነቅላል ማለት ነው።

ሦስተኛ፦ ስለ ውሳኔው አሰጣጥ። ክቡር ጸሐፊው ለሥራቸው ያላቸውን ታማኝነት የማያደንቅ ሰው ካለ በዚያን ቀን ቤታችን አልነበረም። እንደምታውቁት ሠላሳ አራት ዓመት መዝገብ ቤት ሠርተዋል። ደብዳቤ በፊርማ ካልተሰጠ እንደተሰጠ አይቆጠርም የሚል እምነት አላቸው። እና ባለፈው ሳምንት ማክሰኞ ምሳ በልተን እንዳበቃን አባባ ተነሣ፣ ኮቱን ለበሰ፣ ውሳኔውን በፖስታ አድርጎ በኋላ በር ወጣ፣ ቤቱን ዞሮ በአጥሩ በር በኩል መጣና የራሱን ደወል ደወለ። እማማ ክራንቿን ተደግፋ ልትከፍት እስክትደርስ አምስት ደቂቃ ፈጀባት፤ እኔ ልክፈት ስል በእጇ ከለከለችኝ። እሳቸውም ቆመው ጠበቁ። ቁልፉ ኪሳቸው ውስጥ ነበር።

«የአሥራ ሁለት ቁጥር ቤት እመቤት እርስዎ ነዎት?» አሏት።

«ነኝ። ይግቡ፣ ሻይ አለ» አለቻቸው።

«ሥራ ላይ ነኝ» አሉና መዝገቡን ዘረጉላት። ፈረመች። አመስግነው ሄዱ። ቤቱን ዞረው፣ በኋላ በር ገብተው፣ ኮታቸውን ሰቅለው፣ አባባ ሆኖ ተቀመጠ፤ «ማን ነበር?» ብሎ ለመጠየቅ ብቻ ነው የቀረው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እማማ እሱን አንተ ማለት ትታለች። «እርስዎ፣ እራት ቀርቧል።» «እርስዎ፣ መነጽርዎ ከቴሌቪዥኑ ላይ ነው።» አልተቆጣችም፣ አልተነፋረቀችም፣ ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም፤ በቃ፣ ለማይታወቅ እንግዳ የሚሰጠውን ክብር ሁሉ እየሰጠችው ነው። ሃምሳ ዓመት በትዳር የኖረ ሰው በክብር ብዛት ሲከሳ አይቼ የማላውቅ ስለሆነ ለዚህ ትምህርት ኮሚቴውን አመሰግናለሁ።

አራተኛ፦ ስለ ይግባኙ። ይግባኝ ስላለ እግዚአብሔር ይስጣችሁ። ይግባኙን ጻፍኩ፤ ባለፈው ቅዳሜ ለክቡር ጸሐፊው በእጃቸው ሰጠኋቸው፤ እሳቸውም ቁጥር ሰጥተው፣ ማኅተም መትተው፣ የደረሰኝ ቅጂ ሰጡኝ፤ ሁሉ ነገር የሆነው በምግብ ጠረጴዛችን ላይ ነው፣ ሽሮ ከፈሰሰበት ቦታ ትንሽ ራቅ ብሎ። ይግባኙን የሚያየው ማን እንደሆነ ስጠይቅ ውሳኔውን የሰጠው ኮሚቴ ራሱ መሆኑን በትዕግሥት አስረዱኝ። በስንት ቀን እንደሚያይ ስጠይቅ በአሥር ቀን ውስጥ አሉኝ። ማገጡ የሚነቀለው በስንት ቀን ነው ስላቸው በሰባት አሉኝ።

ነገሩ የገባኝ ስለመሰለኝ በቃሌ ልድገመው፦ የተነቀለው ማገጥ በግፍ የተነቀለ መሆን አለመሆኑ ከተነቀለ ከሦስት ቀን በኋላ በነቀሉት ሰዎች ይመረመራል። ተሳስቼ ከሆነ አርሙኝ።

ፊርማም አሰባስቤ ነበር። በየደጁ ስዞር ሰው ሁሉ «እውነትሽን ነው የኔ ልጅ» ይለኛል፣ ከዚያ በሩ ይዘጋል። በሁለት ቀን አራት ፊርማ አገኘሁ። አንዱ የዘበኛው ነው፣ ነዋሪ አይደለም ተብሎ ይሰረዛል። አንዱ የስምንት ዓመት ልጅ ነው፣ በፊርማ ፈንታ አበባ ሥሎልኛል። አንዱ እኔ ነኝ። አራተኛው የሃያ ስምንት ቁጥሩ ሰውዬ፣ መስታወቱን የወለወሉት፤ እሳቸውም አዲስ ስለሆኑ ነው፣ ሲከርሙ ይተዋሉ።

አምስተኛውን ቅሬታ በመጀመሪያ ልጽፈው አስቤ ነበር፤ ግን የሚያስቅ ስላልሆነ ወደኋላ ገፋሁት።

ማገጡ ከመዘራቱ በፊት እዚያ ቦታ ላይ የነበረው ኮሚቴው ያጸደቀው ሣር ነው። እንደምታውቁት ያ ሣር በየቀኑ ውሃ ይፈልጋል። እንደምታውቁት ውሃ የሚመጣው ማክሰኞና ዓርብ ነው። ሁለቱን ነገር የምታውቁት እናንተው ስለሆናችሁ ማስታረቁን ለእማማ ትታችሁላት ነበር፤ እሷም ከበርሜል እየቀዳች በባልዲ ታጠጣው ነበር፤ ምክንያቱም የጸሐፊው ቤት ሣር ቢደርቅ ሰው ምን ይላል። የዛሬ ሦስት ዓመት በበጋ አንድ ቀን ጠዋት ባልዲ እንደያዘች ደረጃው ላይ ወደቀች። ያን ጊዜ እጇ ብቻ ነው የተሰበረው። እጇ ሲድን አባባን ሳታማክር ከዘር መሸጫ ማገጥ ገዝታ ዘራች። ማገጥ ውሃ አያስለምንም። ሣሩ ቀስ በቀስ ጠፋ፣ ማገጡ ሞላ፣ ባልዲው ወደ መጋዘን ገባ። እናንተም መጥታችሁ ሸለማችኋት።

ባለፈው ክረምት ደግሞ እንደገና ወደቀች፤ የማገጡ ጥፋት አይደለም፣ አስፋልቱ ላይ ነው፣ በዝናብ። በዚህ ጊዜ የዳሌ አጥንቷ ነበር። ብረት ገባላት። ወጌሻ አይደለም፣ የሆስፒታሉ የእንቅስቃሴ ሐኪም ነው እንዲህ ያላት፦ በባዶ እግርሽ፣ ለስላሳና ደልዳላ መሬት ላይ፣ በየቀኑ ሃያ ዙር ትሄጃለሽ፤ ሲሚንቶ አይሆንም፣ አልጋ ላይ መተኛት አይሆንም፤ ሦስት ወር ሳታቋርጪ ከሄድሽ ክራንቹን ትጥያለሽ፣ ካቋረጥሽ ግን ክራንቹ ይዞሽ ይቀራል። ለስላሳና ደልዳላ መሬት ፈልጋችሁ እንደሆነ ሰፈራችንን ታውቁታላችሁ። ያለን ያ አሥር በሰባት እርምጃ ብቻ ነው።

ጀመረች። የመጀመሪያው ቀን ሁለት ዙር። ጫማዋን በረንዳው ላይ ታወልቃለች፣ ክራንቿን በቀኝ እጇ፣ እኔን በግራዋ ትይዛለች፤ ስትጨርስ አባባ ከወንበሩ ሆኖ ዙሩን ደብተር ላይ በእርሳስ ያሰምራል። መስመሮቹ እኩል ናቸው፤ ሠላሳ አራት ዓመት መዝገብ ቤት ሠርቷል ብያችኋለሁ። ንቦቹን አትፈራም፤ «እነሱም ሥራ ላይ ናቸው» ትላለች። አሁን ሃያ ደርሳለች፣ እኔንም መያዝ ትታለች። የሚቀራት ሁለት ወር ነው።

ቅዳሜ ማገጡ ተነቅሎ መሬቱ ሲቆፈርና አዲሱ ሣር ሲተከል፣ በውሳኔያችሁ ተራ ቁጥር ስድስት መሠረት፣ ለሦስት ወር አይረገጥም። ሁለት ወር መሄድ የሚቀራት ሰው ሦስት ወር አትረግጠውም ማለት ነው። ሒሳብ አልወድም፣ ይህን ግን ማንም አስልቶ ሳይነግረኝ ገባኝ። ሣሩ ሲያድግ ደግሞ ውሃ ይፈልጋል፣ ባልዲው መጋዘን ውስጥ አለ፣ እማማንም አውቃታለሁ፣ ባልዲውን ታነሣለች።

ውሳኔውን ከፈረመችበት ቀን ጀምሮ በቀን አርባ ዙር እየሄደች ነው። ሐኪሙ ሃያ ነው ያለሽ ስላት፣ ውሃ ሊጠፋ ሲል በርሜል እንደሚሞላው ነው፣ ለማትሄድባቸው ቀኖች እያጠራቀምኩ ነው አለችኝ። እግር እንደ ውሃ እንደማይጠራቀም ታውቃለች። ሠላሳኛው ዙር ላይ ከንፈሯን ትነክሳለች። አባባ ግን ደብተሩን ይዞ እየተቀመጠ አርባውንም ያሰምራል፤ እሷም ስትጨርስ «አመሰግናለሁ፣ እርስዎ» ትለዋለች።

እንግዲህ የመጨረሻው ነጥብ። ደንቡን ከዳር እስከ ዳር ሳነብ አንቀጽ ዘጠኝን አገኘሁ። ጸሐፊው በራሱ ቤት ጉዳይ ላይ ድምፅ አይሰጥም ይላል፤ መልካም፣ ክቡር ጸሐፊውም «እኔ ድምፅ የለኝም» ሲሉ የነበሩት ይህን ነው፤ ድምፅ የሰጡት ክቡር ሊቀ መንበሩና፣ ሊቀ መንበሩ ሲያስሉ እጃቸው በራሱ ጊዜ የሚነሣው ክቡር ሦስተኛው አባል ናቸው። ነገር ግን አንቀጹ እዚያ አያበቃም። «ሆኖም ጸሐፊው የተለየ ሐሳቡን በስብሰባው ላይ ተናግሮ በቃለ ጉባኤ ሊያሰፍር ይችላል፤ ከሰፈረም ጉዳዩ ለጠቅላላ ጉባኤ እስኪቀርብ ባለበት ይቆያል» ይላል። ጠቅላላ ጉባኤው የሚደረገው ከሦስት ወር በኋላ ነው። እንግዲህ አንድ መስመር ማለት ሦስት ወር ማለት ነው። አንድ መስመር ማለት የእማማ ክራንች ማለት ነው።

ደንቡን ይዤ ሮጬ ለአባባ አሳየሁት። ሳላሳየው ያውቀው ነበር፤ እሱ ነው ያረቀቀው። መነጽሩን አወለቀ፣ ወለወለው፣ መልሶ አላደረገውም። «የኔ ልጅ» አለኝ፣ «ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ የሰው ሐሳብ መዘገብኩ። የራሴን ሐሳብ አንድ ቀን ወረቀት ላይ አስፍሬ አላውቅም። እንዴት ተብሎ እንደሚጀመርም አላውቀው።» የሚቀልድ መስሎኝ ልስቅ ነበር። አልቀለደም።

በዚህ ምክንያት ነው ምንም ማድረግ የማልችለው። ክፉ ሰው ቢሆን ኖሮ ምን እንደምለው አውቅ ነበር፤ እናንተንም ቢሆን፣ እውነቱን ለመናገር፣ በክፋት አልጠረጥራችሁም። ክቡር ሊቀ መንበሩ እማማ ሆስፒታል በተኛች ጊዜ ብርቱካን ይዘው መጥተዋል፤ ብርቱካኖቹ በቁመት የተደረደሩ ነበሩ። ማንም ክፉ በሌለበት እንዴት እንዲህ ያለ ነገር ይሆናል ብዬ ስጠይቅ ሁላችሁም ወደ ደንቡ ትጠቁማላችሁ፤ ደንቡ ደግሞ ወደ እናንተ ይጠቁማል። ፈረሱም ያው፣ ሜዳውም ያው ነው።

ጊዜያችሁን ስለወሰድኩ ይቅርታ እየጠየቅኩ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ለሁለቱ ሽልማቶች አመሰግናለሁ፤ ሳሎናችን ውስጥ ጎን ለጎን ተሰቅለዋል፣ እማማ ሁለተኛውን ከዙር በኋላ ላቧን ስትጠርግ ታየዋለች። ክቡር ሊቀ መንበሩ ሣርና ማገጥን ለመለየት ሦስት ዓመት ብቻ ስለፈጀባቸው አመሰግናለሁ። ክቡር ሦስተኛው አባል እስካሁን ስላልቀሰቀስኳቸው ቢያመሰግኑኝ አልጠላም። ቆፋሪውን ደግሞ ከወዲሁ አመሰግነዋለሁ፤ ለዚህ ሁሉ ነገር ባዕድ የሆነ፣ ሥራው ስለሆነ ብቻ የሚመጣ ሰው እሱ ነው፤ እማማ ሻይ እንድናፈላለት አዝዛለች።

ከልብ በመነጨ አክብሮት፣ አንገቴን ሰበር፣ ምላሴን ግን እንደነበረ አድርጌ፣

በተሸለመው፣ በተፈረደበትና ቅዳሜ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ጀምሮ አርአያ መሆኑ በሚያበቃው ግቢ የምትኖር፣
የአሥራ ሁለት ቁጥር ቤት የልጅ ልጅ

ግልባጭ፦ በሰሌዳው መስታወት ላይ፣ ከፎቶግራፉና ከውሳኔው መካከል ባለው አራት ጣት ቦታ። ልክ ይገባል፤ በማስመሪያ ለክቼዋለሁ።

ድኅረ ጽሑፍ፦ አንቀጽ አሥራ አንድ «እስከ ግርጌው» ስለሚል ክቡር ጸሐፊው ይህንንም ያነባሉ። እውነቱን ልናዘዝ። በመጀመሪያው ረቂቅ እዚህ ቦታ ላይ እንዲህ የሚል ዓረፍተ ነገር ጽፌ ነበር፦ «እኔ ጸሐፊው በዚህ ውሳኔ ላይ የተለየ ሐሳብ አለኝ።» ደንቡ አንድም ቃል መዝለል ስለሚከለክል አባባ ወደደም ጠላም በራሱ አፍ ሊለው፣ ያለውንም በራሱ እጅ ሊመዘግበው ነበር። ወጥመዱ እንዴት ደስ እንዳለኝ አልነግራችሁም። ረቂቁን ለእማማ አነበብኩላት። እግሯን ትራስ ላይ አድርጋ እስከ መጨረሻው ሰማችኝ፤ ሁለት ጊዜም ሳቀች። ከዚያ እዚህ ጋ ስደርስ «ሰርዢው» አለችኝ። «በሰው አፍ ገብተሽ አታውሪ። እሱ ያላለውን ቃል ምን አደርገዋለሁ፣ ቃሉ ላይ ቆሜ አልሄድበት።» እሱ ነው ያለችው፤ እሳቸው አላለችም።

ስለዚህ ሰርዤዋለሁ። አሁን ካሰባችሁት ዓረፍተ ነገሩን አንብቦላችኋል፤ ነገር ግን የተሰረዘ ስለሆነ የእኔ ነው፣ የእሱ አይደለም፣ አትመዝግቡት። በምትኩ ከዚህ በታች አንድ መስመር ባዶ ትቼለታለሁ፤ እንዴት እንደሚጀመር አላውቅም ስላለኝ፣ የሚጀመርበትን ቦታ ብቻ ነው የሰጠሁት።

...........................................................

ደንቡ ባዶ መስመር እንዴት እንደሚነበብ አይናገርም፤ ካልሆነለት እንደ ቤታችን ልማድ በዝምታ ያንብበው። ዝምታው ሲረዝምባችሁ ግን ወደ ስብሰባ ክፍሉ መስኮት ጠጋ በሉ፤ ግቢያችን ከዚያ ይታያል። ሐሙስ በዚያ ሰዓት እማማ ሠላሳኛው ዙር ላይ ትሆናለች፤ አባባ ስብሰባ ላይ ስለሆነ የሚያሰምርላት የለም።